ለቆየ ቴሌቪዥን ሳውንድባር ሲመርጡ፦ ከሱቅ በፊት የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይመልከቱ

ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረጅምና ቀጭን ድምፅ ማጉያ፣ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው በኪሱ ያለውን ገንዘብ ያውቃል፤ የሚያምነውን የፋብሪካ ስም ያውቃል፤ የጎረቤቱ ሳውንድባር መስኮት እንደሚያንቀጠቅጥም ያውቃል። ብዙውን ጊዜ የማያውቀው፣ በገዛ ሳሎኑ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ከጀርባው ምን ዓይነት ቀዳዳዎች እንዳሉት ነው። ቴሌቪዥኑ አዲስ ከሆነ ይህ አለማወቅ ብዙም አይጎዳም። አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ከሆነ ግን፣ ሳውንድባሩ የፈለገውን ያህል ውድና ዝነኛ ቢሆን፣ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚቀበልበት መንገድ ከሌለው ከጌጥ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ አዳማ የምትኖረው እናቴ ዜና ለመስማት ወንበሯን እየጎተተች ወደ ቴሌቪዥኑ ስትጠጋ አይቼ፣ ከአንድ ሱቅ ቀጭንና የሚያምር ሳውንድባር ገዛሁላት። ሻጩን ለቆየ ቴሌቪዥን ይሆን እንደሆነ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ለሁሉም ይሆናል፤ ብሉቱዝ አለው» አለኝ። ብሉቱዝ ያለው ሳውንድባሩ እንጂ የእናቴ ቴሌቪዥን አለመሆኑን ያስተዋልሁት ካርቶኑን ከቀደድሁ በኋላ ነው። ሳውንድባሩ ከብሉቱዝ ሌላ የነበረው አንድ የኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ቀዳዳ (በኤችዲኤምአይ የምስልና ድምፅ ገመድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ መልሶ የሚቀበል) ብቻ ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ቢኖረውም ኤአርሲ የሚባለው አሠራር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነበር። ሱቁ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ፤ እኔም ሳውንድባሩን አዲስ ቴሌቪዥን ላለው ለእኅቴ ልጅ ሰጥቼ ሌላ ለመግዛት ተገደድሁ።

ቀዳዳዎቹን መለየት

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው እቤት ነው። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ራቅ ያድርጉ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያም ጀርባውንና ጎኑን በስልክዎ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ያለው ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ቀርበው ፎቶ ያንሡ። ይህ ፎቶ በሱቅ ውስጥ ከማንኛውም የቃል ማብራሪያ ይበልጣል። የዲሽ ሪሲቨሩንም ጀርባ በዚያው ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በጣም የተለመዱት፣ በድሮዎቹም ሆነ በመካከለኛ ዕድሜ ቴሌቪዥኖች የሚገኙት፣ ክብ የሆኑት ባለ ቀለም ቀዳዳዎች ናቸው። ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቀለሙን አይቶ ጽሑፉን ባለማንበብ ነው። አብዛኛዎቹ እነዚህ ቀዳዳዎች «ኢን» የሚል ምልክት ያለባቸው ናቸው፤ ማለትም ከዲቪዲ ወይም ከሪሲቨር ድምፅና ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገባባቸው እንጂ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣባቸው አይደሉም። ለሳውንድባር የሚያስፈልገው «አውት» የተባለው ነው። በመግቢያ ቀዳዳ ላይ ገመድ ሰክቶ ድምፅ መጠበቅ በገቢ በር ቆሞ የሚወጣ እንግዳን እንደ መጠበቅ ነው፤ ምንም አይበላሽም፣ ግን ምንም አይመጣም።

ሌላም የቀለም ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሆነው የተደረደሩ ሦስት ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ እነዚህ ሦስቱም የምስል ናቸው። የዚያን ቀይ ቀዳዳ የድምፁ ቀይ መስሎት የሚሰካ ሰው ድምፁን በአንድ ወገን ብቻ ያገኝና ሳውንድባሩ ተበላሽቷል ይላል። እንደዚሁም ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ቀለም ያለውና «ኮአክሲያል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብቸኛ ክብ ቀዳዳ ዲጂታል ድምፅ ያወጣል፤ የተለመደው ቀይና ነጭ ገመድ መጠኑ ስለሚገጥም ይገባበታል፣ ነገር ግን ከሳውንድባሩ ተራ የድምፅ መግቢያ ጋር ቢያገናኙት የሚሰማው ጩኸት ወይም ዝምታ ነው።

ሁለተኛው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው፤ ስፋቱ 3.5 ሚሊሜትር ሲሆን ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ጎን ይገኛል። ለአሮጌ ቴሌቪዥን ይህ ታላቅ በረከት ነው። የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ ማንኛውንም የስልክ ማዳመጫ ሰክቶ መስማት ይበቃል። በአብዛኛዎቹ ቴሌቪዥኖች ማዳመጫ ሲሰካ የራሱ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይዘጋል፤ ለእኛ ዓላማ ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። በተጨማሪም በዚህ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሪሞት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሳውንድባሩን አንድ ጊዜ በልኩ አስተካክሎ ከዚያ በኋላ በለመዱት ሪሞት መጠቀም ይቻላል። በዕድሜ ለገፉ ወላጆች ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ኦፕቲካል የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶሺባ ካወጣው ቶስሊንክ የመጣ ሲሆን፣ ድምፁን በኤሌክትሪክ ፈንታ በብርሃን ያስተላልፋል። አራት ማዕዘን መሰል ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ክዳኗ ስትገፋ ውስጡ ቀይ ብርሃን ይታያል። ብርሃኑ ካለ ቀዳዳው እየሠራ ነው ማለት ነው። በኦፕቲካል ያልታመቀ ባለ ሁለት መስመር (ግራና ቀኝ) ድምፅ፣ ወይም የታመቀ ባለ 5.1 (አምስት የድምፅ መስመርና አንድ የባስ) ድምፅ ያልፋል። በእኔ ግምት፣ ቴሌቪዥንዎ ኦፕቲካል ካለው ሌላ ፍለጋ መድከም አያስፈልግዎትም፤ የኦፕቲካል መግቢያ ያለው ሳውንድባር ይግዙ፣ ጉዳዩ አለቀ።

አራተኛው ኤችዲኤምአይ ሲሆን ብዙ አለመግባባት ያለው እዚህ ነው። ተራ ኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያስገባ እንጂ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚያወጣ አይደለም። ድምፅ መልሶ ማውጣት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የኤችዲኤምአይ 1.4 ደረጃ ሲሆን፣ አሠራሩ ኤአርሲ ይባላል። ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ይህ ሊኖረው አይችልም፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩትም ርካሽ ከሆኑ ላይኖራቸው ይችላል፤ ያላቸውም ቢሆኑ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀዳዳዎች መካከል በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ቀዳዳው ሥር «ኤአርሲ» ተብሎ በጽሑፍ ካልተገለጸ እንደሌለ ይቁጠሩት። ገመድ በመቀየር፣ ወርቅ የተቀባ ገመድ በመግዛት ወይም «አዲሱ ገመድ ያመጣዋል» በሚል ምክር የሌለው አሠራር አይፈጠርም።

ከቴሌቪዥኑ መውጫ ሲጠፋ

አሁን ወደ ሪሲቨሩ ልመለስ። ቴሌቪዥኑ ምንም መውጫ ከሌለው፣ ሰው ወዲያው ቴሌቪዥን ወደ መቀየር ያስባል። ግን በአብዛኛዎቹ ቤቶቻችን የሚታየው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ዕቃ፣ ከዲሽ ሪሲቨሩ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ሪሲቨሩ ዘንድ ካለ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ መለመን ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ሪሲቨሮች ከጀርባቸው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መውጫ አላቸው። ቢጫውን ወይም ኤችዲኤምአዩን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ቀዩንና ነጩን ወደ ሳውንድባሩ ይስኩ፤ የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ ዜሮ ያድርጉት። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ኤችዲኤምአዩና የቀለም መውጫዎቹ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ምስሉ በጥራት በኤችዲኤምአይ፣ ድምፁ በቀይና ነጭ ሊሄድ ይችላል። የሪሲቨሩ ሪሞት ቻናል ሲቀይር ድምፁንም ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ ይቀራል።

እናቴ ቤት በመጨረሻ የሠራው ይህ ነው። ከዚያ በፊት ሞክሬው የነበረው በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰካ የብሉቱዝ ማስተላለፊያ ሲሆን፣ ድምፁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዜና አንባቢዋ አፏን ከዘጋች በኋላ የመጨረሻው ቃል ይሰማ ነበር። ተራ የብሉቱዝ አሠራር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ ደግሞ ድምፅ ከምስል በ125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ሰው ማስተዋል እንደሚጀምር ያስቀምጣል። ለዘፈን ብሉቱዝ ምንም አይልም፤ ለዜና፣ ለድራማና ለስብከት ግን የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

ቴሌቪዥኑ ኤአርሲ የሌለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ላለውና ሪሲቨሩም ኤችዲኤምአይ ብቻ ላለው ሰው የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ ሳውንድባሮች ከኤአርሲው ሌላ «ኤችዲኤምአይ ኢን» የተባለ ተጨማሪ ቀዳዳ አላቸው። ከሪሲቨሩ የሚመጣውን ገመድ በዚህ መግቢያ ላይ ሰክተው ከሳውንድባሩ መውጫ ሌላ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ከወሰዱ፣ ሳውንድባሩ ድምፁን ለራሱ ወስዶ ምስሉን ያሳልፋል፤ ቴሌቪዥኑ ኤአርሲ ይኑረው አይኑረው ጉዳይ አይሆንም። ጉድለቱ ሳውንድባሩ ሲጠፋ በአንዳንዶቹ ምስሉም አብሮ መጥፋቱ ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ ሳውንድባሩን አጥፍተው ምስሉ ማለፉን ያስፈትሹ።

ከጀርባው ሆዱ ለተገፋ ቴሌቪዥን

የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን አሁንም በየቤቱ አለ፤ ምስሉ እስካልተበላሸ ድረስም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለእርሱ ሳውንድባር ከመግዛት በፊት ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የእነዚህ ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያ ብዙ ጊዜ ከቀጫጭኖቹ የተሻለ ነው፤ ሰፊ ሣጥን ስላላቸውና ማጉያዎቹ ወደ ተመልካቹ ስለሚያዩ ነው። ቀጭኑ ቴሌቪዥን ድምፁ የሚቀጭጨው ማጉያዎቹ ትናንሽ ሆነው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለሚያዩ ነው። ስለዚህ ባለ ቱቦው ድምፁ ካላረካዎት ምናልባት ችግሩ የማጉያ መቀደድ ሊሆን ይችላል፤ ጥገናውም ከሳውንድባር ሊረክስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ። በድሮ ጊዜ ለቴሌቪዥን አጠገብ የሚሠሩ ማጉያዎች ማግኔታቸው ይሸፈን ነበር፤ ዛሬ ግን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ስለማይመረት አምራቾች ስለዚህ ብዙም አይጨነቁም። ሳውንድባሩን ወይም የባስ ሣጥኑን ከቱቦው ጋር አጣብቀው ካስቀመጡት በስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ይወጣል። ሲታይ ያስደነግጣል፣ ግን ማጉያውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ቴሌቪዥኑ ሲበራ የራሱን ማግኔታዊ ቅሪት የሚያጸዳ ጥቅል ሽቦ ስላለው ነው። ጥላው ከቆየ ያንኑ ደጋግሞ ማድረግ ነው።

ሱቅ ውስጥ

የቤቱን ሥራ ከጨረሱ በኋላ ሱቁ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «ይህ ሳውንድባር በዚህ ፎቶ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር የሚገጥም መግቢያ አለው ወይ?» ስንት ዋት ነው የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። እኔ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የምመርጠው ቢያንስ ኦፕቲካል መግቢያና ባለ 3.5 ሚሊሜትር ወይም የቀይና ነጭ መግቢያ በአንድነት ያለውን ነው። ኤአርሲ በተጨማሪ ቢኖረው መልካም ነው፤ ቴሌቪዥኑ አንድ ቀን ሲቀየር ሳውንድባሩ አብሮ አይቀየርም። ኤአርሲና ብሉቱዝ ብቻ ያለውን ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል፣ ይተዉት። የዩኤስቢ ቀዳዳን ከመገናኛዎች አይቁጠሩ፤ እርሱ በፍላሽ የተጫነ ዘፈን ለማጫወት፣ በአንዳንዱም ለጥገና ብቻ የተቀመጠ ነው።

ሻጮች ሳውንድባርን የሚያሳዩት ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ ስልካቸውን በብሉቱዝ አገናኝተው ባስ የበዛበት ዘፈን ይለቃሉ፤ ሱቁ ይንቀጠቀጣል፤ ገዢው ይደሰታል። ይህ ፈተና ስለ እርስዎ ቤት ምንም አይነግርም። በትሕትና «በገመድ ያሳዩኝ፤ የሚያወራ ሰውም ያሰሙኝ» ይበሉ። እኔ በስልኬ ላይ የዜና ቅጂ ይዤ፣ አጭር የ3.5 ሚሊሜትር ገመድም በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። ቃላት ጥርት ብለው በዝቅተኛ ድምፅ ከተሰሙ ሳውንድባሩ ሥራውን ያውቃል። ባሱ ከቃላቱ በላይ ከሆነና «ሰ» እና «ሸ» ከተደባለቁ፣ ምንም ያህል ኃይል ቢኖረው ለእናትና ለአባት ቤት አይሆንም። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ እንዲዞር ያስገድዳል፤ ዝናብ ሲመጣም ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ከእነዚህ ጋር የሚፎካከረው የንግግር ጥራት እንጂ የባስ ጉልበት አይደለም። ሪሞቱ ላይ ንግግርን የሚያጎላ ቁልፍ ያለው ሳውንድባር ካገኙ ጥቂት ጨምሮ መግዛት አያስቆጭም።

ስለ ዋት ከተነሣ አይቀር፣ በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው የተጋነነ ልኬት ነው። በጥቃቅን ጽሑፍ «አርኤምኤስ» ተብሎ የተቀመጠው ሳውንድባሩ ሳይቋረጥ የሚሸከመው እውነተኛ ኃይል ነው። ለተለመደ ሳሎን ከ30 እስከ 60 ዋት አርኤምኤስ፣ በእኔ ልምድ፣ ከበቂ በላይ ነው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የተለየ የባስ ሣጥን ያለውን ከመግዛቱ በፊት የታችኛውን ጎረቤት ቢያስብ ጥሩ ነው፤ ባስ ግድግዳና ወለል አልፎ ይሄዳል።

2.0፣ 2.1፣ 3.1 እና 5.1 የሚሉት ቁጥሮች የመጀመሪያው የድምፅ መስመሮችን ብዛት፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የባስ ሣጥንን ያመለክታሉ። 3.1 ያለው ለንግግር የተለየ መሐል ማጉያ ስላለው ዋጋው የሚገባው ነው። ከዚያ በላይ ላለው፣ በተለይ ከጣሪያ ድምፅ ያወርዳል ለሚባለው ዶልቢ አትሞስ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ገንዘብ ባያወጣ ይመረጣል፤ ቴሌቪዥኑ ያንን ድምፅ አያሳልፍለትም። ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ የተቀበሉትን ድምፅ በኦፕቲካል ሲያወጡ ወደ ሁለት መስመር ዝቅ አድርገው ነው።

ኤሌክትሪኩ ሊዘነጋ አይገባም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ወይም በሻንጣ የገባ ሳውንድባር የ120 ቮልት ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል። በጀርባው ወይም በአዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያንብቡ፤ የባስ ሣጥኑ የራሱ ገመድ ካለው የእርሱንም ለብቻው ያንብቡ፣ አንዱ ሁለቱን ቮልቴጅ ችሎ ሌላው ላይችል ይችላልና። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ሳውንድባሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን በአንድ ስታብላይዘር ላይ ማድረግ ይመከራል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ሳውንድባሩ የነበረበትን መግቢያ ያስታውስ ወይስ ወደ ብሉቱዝ ይመለስ እንደሆነ ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ በመሰካት ይሞክሩት። ሻጩ ይገረማል፤ ይገረም።

ከፖስታ ቤት አካባቢ ሱቆች መግዛት ወይም በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ መሄድ የሚለው የየግሉ ውሳኔ ነው። እኔ ለዚህ ዕቃ እዚሁ መግዛትን እመርጣለሁ፤ የዋጋው ልዩነት የትራንስፖርቱን ወጪ ሲቀንሱለት ብዙ አይደለም፣ ካልገጠመ መልሶ ለመሄድም ቅርብ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ሪሞቱ መኖሩን አጥብቀው ይጠይቁ፤ አንዳንድ ማስተካከያዎች ከሪሞቱ ውጭ አይገኙም።

ከተገዛ በኋላ የሚገጥሙ ነገሮች

ኦፕቲካል ገመድ በጫፉ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተደርጎለት ይመጣል፤ ሳይወልቅ ስለሚሰካ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ገመዱን አጥፎ ማሰርም ውስጡን ይሰብረዋል። ሁሉም በትክክል ተሰክቶ ዝም ካለ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ገብተው ዲጂታል ድምፁን ወደ «ፒሲኤም» (ያልታመቀ ድምፅ) ይቀይሩት። ቴሌቪዥኑ የታመቀ ድምፅ እየላከ ሳውንድባሩ መፍታት ሲያቅተው ዝም ይላልና፣ ከኦፕቲካል ችግሮች መካከል ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። በኦፕቲካል ሲጠቀሙ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፁን ከፍና ዝቅ ባያደርግ አይደንግጡ፤ በአብዛኛዎቹ ድምፁ በአንድ መጠን የሚወጣ ስለሆነ የሚታዘዘው በሳውንድባሩ ሪሞት ነው።

በቀይና ነጭ ገመድ የሚጠቀም ሰው ሊገጥመው የሚችለው ደግሞ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ነው። ይህን ለመፈተሽ ከዲሹ የሚመጣውን ገመድ ከሪሲቨሩ ፈትተው ያዳምጡ፤ እምምታው ከጠፋ ችግሩ ሳውንድባሩ ሳይሆን በዲሹ ገመድና በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር መካከል በመሬት መስመር (ግራውንድ) በኩል የሚዞር ኤሌክትሪክ ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ካልሆነ በገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ ማግለያ ይሸጣል። ኦፕቲካል በብርሃን ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። የአዳማ ነፋስና አቧራ በቆዩ ቀዳዳዎች ላይ ስለሚከማች፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዕቃዎቹን አጥፍተው ሰኪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጥቂት ጊዜ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ደግሞ ገመዱን ከመጠርጠርዎ በፊት የሪሲቨሩን የድምፅ አማራጭ ይመልከቱ፤ ግራ፣ ቀኝ ወይም ስቴሪዮ የሚል ምርጫ አለውና በስሕተት ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሳውንድባሮች የሚመጣላቸው ድምፅ ዝቅተኛ ሲሆን ማንም እንደማይጠቀምባቸው ቆጥረው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይህ የሚሆነው የቴሌቪዥኑን ወይም የሪሲቨሩን ድምፅ በጣም ቀንሶ ሳውንድባሩን ብዙ ከፍ ሲያደርጉ ነው። ምንጩን ከሙሉ መጠኑ ሦስት አራተኛ ገደማ አድርገው ሳውንድባሩን በዚያ ልክ ዝቅ ቢያደርጉት መጥፋቱም ይቆማል፣ ሹክሹክታ መሰሉ ጫጫታም ይቀንሳል።

የሚቀመጥበት ቦታም ከተገዛበት ዋጋ ያላነሰ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በየቤታችን ቴሌቪዥኑ በቢፌው ውስጥ ይቀመጥና ሳውንድባሩ ከሥሩ ባለው ዝግ መደርደሪያ ይገፋል፤ እዚያ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል አውጥተው ያስቀምጡት፤ ቁመቱ የቴሌቪዥኑን የሪሞት መቀበያ እንዳይጋርድ አስቀድመው በሴንቲሜትር ይለኩ። ዳንቴሉን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ያደረግሁት ክርክር ረጅም ነበር። በመጨረሻ ዳንቴሉ በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ብቻ እንዲቀር፣ ሳውንድባሩ ግን ራቁቱን እንዲቆም ተስማማን፤ በሪሲቨሩ ሪሞት ላይም ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ነክቼላት፣ ሌሎቹን ሁለት ሪሞቶች መሳቢያ ውስጥ ከተትናቸው።